ጃንጂራ፦ በመድፍ ያልተወሰደች፣ በወረቀት የተወሰደች የሐብሺዎች ግዛት

ክቡራትና ክቡራን፣

ርዕሳችን በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በህንድ ስለነበሩት የመሳፍንት ግዛቶች ነው። ግዛቶቹ ከ560 በላይ ነበሩ። ሁሉንም እንዳስስ ብንል አንዱንም ሳናውቅ እንለያያለን፤ ስለዚህ አንዷን ብቻ መርጠናል፤ ጃንጂራን። ትልቅ ስለነበረች አይደለም። በ1901 ቆጠራ ሕዝቧ 85,000 ገደማ፣ ስፋቷም 324 ስኩዌር ማይል፣ ማለትም 840 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የአዲስ አበባን አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ነው። የመረጥናት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ገዢዎቿ ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተሸጠው የሄዱ ሰዎች ዘሮች ነበሩ። ሁለተኛ፣ እንግሊዞች አንድን ግዛት ጥይት ሳይተኩሱ ቁልፉን አንድ በአንድ እንዴት እንደሚረከቡ በትንሿ ጃንጂራ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በትልልቆቹ ግዛቶች የቤተ መንግሥቱ ወሬና ዕንቁ ዓይን ይስባል፤ እዚህ ግን አሠራሩ ራቁቱን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦታው። ከሙምባይ ወደ ደቡብ በመኪና 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሙሩድ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች። ከሙሩድ ጥቂት አለፍ ብሎ ራጃፑሪ የተባለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አለ። ከዚያ ፊት ለፊት፣ ከየብስ ግማሽ ማይል ያህል ገባ ብሎ፣ ደሴቲቱን ዳር እስከ ዳር የሸፈነ ምሽግ ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ ግንቡ ከውሃ የበቀለ ይመስላል። «ጃንጂራ» የሚለው ስም «ጀዚራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ደሴት ማለት ነው። የአካባቢው ሰው ግዛቱን «ሐብሳን» ይለው ነበር፤ የሐበሾች አገር እንደ ማለት። የግዛቱ ዋና ክፍል በየብስ ላይ ነበር፤ በሰሜን የሮሃ ወንዝ መግቢያ፣ በደቡብ የባንኮት ወንዝ መግቢያ ያዋስኑታል፤ መካከሉን ደግሞ የራጃፑሪ የባሕር ክንድ ይሰነጥቀዋል። ከዚህ ሌላ በካቲያዋር ልሳነ ምድር፣ በባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ጃፋራባድ የምትባል ወደብ የጃንጂራ ንብረት ነበረች። ምርቱ ሩዝ፣ ኮኮነት፣ ፎፈል (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘክ ፍሬ)፣ ዓሣና እንጨት ነው።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ገዢዎቹ «ሲዲ» ይባሉ ነበር፤ ቃሉ «ሰይዲ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ጌታዬ ማለት ነው። «ሐብሺ»ም ይባሉ ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በደቡብ ህንድ ደጋ፣ በዴካን፣ «ሐብሺ» የጎሣ ስም አልነበረም። የባሪያ ነጋዴው ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች አሻግሮ ለሚያመጣው ሰው ሁሉ የሰጠው ስም ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ኢትዮጵያውያን ህንድን ገዙ» እየተባለ የሚሠራጨው ወሬ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጃንጂራን የቆረቆረ የኢትዮጵያ መንግሥት አልነበረም፤ ቤተሰቦቻቸው የተነጠቁ፣ ስማቸውና ሃይማኖታቸው የተለወጠ፣ በሰው አገር ወታደር የተደረጉ ሰዎች ናቸው የገነቧት። ነገሩን ከዚህ ሲጀምሩት ያስደንቃል እንጂ አያሳንስም።

ባሪያ እንዴት ገዢ ይሆናል? በዴካን ሱልጣኖች ዘንድ የባሪያ ወታደር ሥርዓት የራሱ ደረጃዎች ነበሩት። አንድ መኮንን ወጣቱን ይገዛዋል፣ ያሰለጥነዋል፣ ፈረስና መሣሪያ ይሰጠዋል። ጌታው ሲሞት ባሪያው ብዙ ጊዜ ነፃ ይወጣል፤ ካልሆነም ወደ ሌላ ጌታ ይዞራል። ነፃ የወጣው ደግሞ በተራው የራሱን ጭፍራ ይሰበስባል። ለሱልጣኑ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ይህ ሰው በአገሩ ዘመድ የለውም፣ ርስት የለውም፣ ከጌታው በቀር የሚጠጋው የለም። ማሊክ አምባር የዚህ ሥርዓት ዝነኛው ልጅ ነው። በሞካና በባግዳድ ተሽጦ፣ በመጨረሻ ከዴካን ሱልጣኖች መንግሥታት አንዱ በሆነው በአሕመድናጋር የገዛው ቺንጊዝ ካን ራሱ ሐብሺ ነበር። በ1600 የሰሜን ህንድ ገዢዎች የነበሩት ሙጋሎች የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ አምባር ከዙፋኑ ዘር አንዱን አንግሦ፣ በእንደራሴነት እስከ 1626 ድረስ፣ ማለትም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ሙጋሎችን ሲመክት ኖረ። የጃንጂራ ሲዲዎችም የዚሁ የአሕመድናጋር መንግሥት የባሕር መኮንኖች ነበሩ።

ብዙ ጊዜ የሚደገም አንድ ስህተት አለ፤ የዛሬውን ግንብ ማሊክ አምባር ሠራው ይባላል። የቆመው ግንብ ተጠናቆ መልኩን የያዘው አምባር ከሞተ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሌላው ስህተት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩትን ገዢዎች ሁሉ «ናዋብ» ማለት ነው። የጥንቶቹ ማዕረግ «ወዚር» ነበር፤ ናዋብ መባል የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። «ናዋብ» ራሱ ከ«ናይብ» ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው፤ የምጽዋንና የሕርቅቆን ታሪክ ያነበበ ሰው ናይቦቹን ያስታውሳል። ምክትል፣ ወኪል ማለት ነው። የማን ወኪል? ጥያቄውን ያዙልን።

ሦስተኛው ስህተት ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉም ይበልጣል። የጃንጂራ ሥልጣን መጀመሪያ ላይ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አልነበረም። የሲዲ አለቆች፣ «ሰርዳሮች» የሚባሉት፣ ከመካከላቸው ለመርከቦቹና ለምሽጉ ይበጃል ያሉትን ያስቀምጡ ነበር። ሰውየው ካልበጀ ያወርዱታል። ጃንጂራ የመኮንኖች ማኅበር እንጂ የአንድ ቤት ርስት አልነበረችም። ይህን ልማድ ማን እንደለወጠው በኋላ እናያለን።

አሕመድናጋር በ1636 ሲፈርስ የባሕሩ ዳርቻ ለቢጃፑር ሱልጣን ደረሰ፤ ሲዲዎቹም ከነመርከባቸው ለቢጃፑር አደሩ። ሥራቸው የንግድ መርከቦችንና ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆችን መጠበቅ ነበር። ከዚያ በምዕራብ ህንድ የማራታ ሂንዱዎች መሪ የሆነው ሺቫጂ ተነሣ። ጃንጂራን ደጋግሞ ሞከረ፤ ልጁ ሳምባጂም ሞከረ፤ አልሆነላቸውም። ለምን?

ግንቡ ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። እስከ 12 ሜትር ከፍታ ያለው ቅጥር ከውሃው ጠርዝ ይነሣል፤ አጥቂው ከጀልባ ወርዶ የሚቆምበት ሜዳ የለም። ዙሪያውን 19 ክብ ማማዎች አሉ። ዋናው በር ወደ የብስ ቢዞርም በሁለት ማማዎች መካከል ስለተሸሸገ ጀልባው አጠገቡ እስኪደርስ አይታይም። በስተ ምዕራብ ወደ ክፍት ባሕር የሚያወጣ ትንሽ በር አለ፤ መሸሻም ስንቅ ማስገቢያም ነው። ውስጡ ጣፋጭ ውሃ የሚያጠራቅሙ ሁለት ትልልቅ ኩሬዎች አሉ፤ በጨው ባሕር መካከል ለተከበበ ሰው ከመድፍ ይበልጣሉ። መድፉም አልጎደለም፤ ካላልባንግዲ የሚባለው ትልቁ ዛሬም እዚያው ተጋድሟል፤ ክብደቱ ከ22 ቶን በላይ ነው ይባላል።

ነገር ግን ግንብ ብቻውን ምሽግ አያድንም። ሺቫጂን ያሸነፈው ክረምቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም በዚያ ዳርቻ ማዕበሉ መርከብ አያስወጣም። ከበባው በየዓመቱ ለአራት ወር ይላላል፤ ሲዲዎቹም በዚያ ጊዜ መርከቦቻቸውን በእንግሊዝ እጅ በነበረችው ቦምቤይ (በዛሬዋ ሙምባይ)፣ ማዝጋዎን በሚባለው ወደብ አስጠግተው ይከርማሉ። እንግሊዞች አልወደዱትም፤ ግን እምቢ ማለት አይችሉም ነበር። ምክንያቱም በ1670 ገደማ በጃንጂራ ውስጥ የሥልጣን ለውጥ ሆኗል። አለቃው ፋቴ ካን ለሺቫጂ እጁን ሊሰጥ ሲያስብ ሲዲ ሳምባል፣ ሲዲ ቃሲምና ሲዲ ኻይሪያት አወረዱትና ለሙጋሉ ንጉሥ ለአውራንግዜብ አደሩ። አውራንግዜብ የ«ያቁት ካን»ን ማዕረግ ሰጣቸው፤ ከሱራት ወደብ ገቢም ቋሚ ደመወዝ ቆረጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ጃንጂራን መክበብ ማለት ከበስተጀርባዋ ያለውን የሙጋልን ግምጃ ቤት መክበብ ሆነ።

ሺቫጂ ባሕሩን በባሕር ሊመልስ ፈለገ፤ በቅርብ ርቀት ካሳ በሚባል ድንጋይ ላይ ፓድማዱርግ የተባለ ምሽግ ሠራ። ሳምባጂ በ1682 የባሰ ነገር አሰበ፤ ከራጃፑሪ እስከ ደሴቲቱ ድረስ ባሕሩን በድንጋይና በእንጨት ሞልቶ መንገድ ሊያደርገው ጀመረ። ሥራው ሳያልቅ የሙጋል ጦር ከሌላ አቅጣጫ ስለመጣበት ትቶ ሄደ።

በ1689 ደግሞ ሲዲዎቹ ራሳቸው አጥቂ ሆኑ። የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከአውራንግዜብ ጋር ተጣልቶ የሙጋል መርከቦችን በመያዙ፣ ሲዲ ቃሲም ቦምቤይ ላይ ወርዶ ማዝጋዎንንና ማሂምን ያዘ፤ እንግሊዞቹን በምሽጋቸው ውስጥ ከበባቸው። ኩባንያው አውራንግዜብን ይቅርታ ጠይቆ 150,000 ሩፒ ካሳ ከፈለ። ሲዲዎቹ የወጡት በሰኔ 1690 ነው። እነዚያው እንግሊዞች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ለጃንጂራ ትእዛዝ ይጽፋሉ። እንዴት እዚያ ተደረሰ?

በአንድ ጦርነት አይደለም። መጀመሪያ የሙጋል ግምጃ ቤት ደረቀ። ማራታዎች በፔሽዋቸው፣ ማለትም በዋና ሚኒስትራቸው፣ በባጂራዎ ዘመን፣ በ1733፣ በጃንጂራ ላይ ዘመቱ፤ ሲዲዎቹም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቦምቤይ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። በ1736 የባጂራዎ ወንድም ቺማጂ አፓ ሲዲ ሳትን በጦር ሜዳ ገደለው፤ በተከተለው ሰላም ጃንጂራ በየብስ ያሏትን ወረዳዎች ገሚሱን ያህል አጣች። እንግሊዞች ደሴቲቱ በማራታ እጅ እንዳትወድቅ ይፈልጋሉ፤ ግን ራሳቸው ሊይዟትም ገና አልደረሱም። ውሉን የሚያነብ ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት እኩዮች የተዋዋሉ ይመስለዋል። በእርግጥም እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አንደኛው እያደገ ሌላው እየቀነሰ ሲሄድ ለአንድ አፍታ የተገናኙበት ቦታ ነው።

ከዚያ የውርስ ጠብ መጣ። በ1784 ገዢው ሲዲ አብዱል ራሂም ሲሞት ልጁ አብዱል ካሪም፣ በቅጽል ስሙ ባሉ ሚያን፣ ወራሽ ነኝ አለ፤ ምሽጉን ይዞ የነበረው ሲዲ ጆሃር አልለቅም አለ። ባሉ ሚያን ወደ ፑና፣ ወደ ማራታዎች ሸሸ። በ1791 ማራታዎች በጃንጂራ ላይ ያለውን መብት ከእርሱ ተቀብለው በምትኩ በሱራት አጠገብ መሬት ሰጡት። ይህ መሬት ሳቺን የሚባል ሁለተኛ የሲዲ ግዛት ሆነ። የሚያስቀው፣ ማራታዎች በዚህ ልውውጥ ያገኙትን የወረቀት መብት ተጠቅመው ጃንጂራን አንድ ቀን እንኳ አለመያዛቸው ነው። ወረቀቱ ግን አልጠፋም። በ1818 እንግሊዞች ፔሽዋውን ሲያስወግዱ የፔሽዋውን መብት ሁሉ ወረስን አሉ፤ በጃንጂራ ላይ ያለውን ይገባኛል ባይነት ጨምሮ። ባላባት ሲወርስ ዕዳውንም መያዣውንም ነውና የሚወርሰው፣ እንግሊዞች መያዣውን ብቻ መረጡ።

(በነገራችን ላይ ሳቺን በሌላም ነገር ትታወሳለች። በ1931 በወጣው የህንድ የመጀመሪያ ባለ ድምፅ ፊልም የተወነችው ዙበይዳ የሳቺኑ ናዋብና የተዋናይቷ የፋትማ ቤገም ልጅ ነበረች።)

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንግባ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በ1834 የእንግሊዝ መንግሥት ጃንጂራ በእንግሊዝ ሥልጣን ሥር መሆኗን አስታወቀ፤ በዚያው የገንዘብ መምቻ ቤቷን ዘጋ። የተሰጠው ምክንያት ሳንቲሟ የተበረዘ ነው የሚል ነበር፤ እውነትም ነበር። ብር የሚመታ ትንሽ ግዛት ፈተናው ይታወቃል፦ ከእያንዳንዱ ሩፒ ጥቂት ብር ቀንሶ መዳብ ቢጨምር ትርፉ የራሱ፣ ኪሳራው የተቀባዩ ነው። ጥሩው ሩፒ ተደብቆ መጥፎው በገበያ ይዞራል፤ ጎረቤት ያለው የእንግሊዝ አውራጃ ቀረጥ ሰብሳቢ ደግሞ ግብሩን በመጥፎው ይቀበላል። ግን ዓመቱን ልብ በሉ። በማግሥቱ፣ በ1835፣ ኩባንያው ለግዛቱ ሁሉ አንድ ሩፒ ደነገገ፤ ክብደቱ 180 ግሬይን (11.66 ግራም)፣ ከዚህም 165 ግሬይኑ ጥሩ ብር፣ በአንዱ ገጽ የንጉሥ ዊሊያም አራተኛ ምስል። የጃንጂራ መምቻ ቤት ጥፋቱ መበረዙ ብቻ አልነበረም፤ መኖሩም ነው። በእስላማዊው ልማድ ደግሞ ገዢነት በሁለት ነገር ይታወቃል፦ በጁምዓ ስብከት ስሙ ሲጠራና ሳንቲም በስሙ ሲመታ። የሳንቲሙ ምልክት ተወሰደ።

ሁለተኛው ቁልፍ ውርስ ነው። በአጠገብ የነበረውን ምሳሌ ሲዲዎቹ በዓይናቸው አይተዋል። በሰሜን በኩል የኮላባ ግዛት ነበር፤ የማራታ የባሕር አለቆች የአንግሬዎች ቤት። በ1830ዎቹ መጨረሻ ገዢውም ሕፃን ልጁም ተከታትለው ሞቱ፤ ባልቴቶቹ በማደጎ ልጅ እናስቀጥል ቢሉ እንግሊዞች አልፈቀዱም፤ ግዛቱ ተጠቀለለ። የእንግሊዝ ህንድ ጠቅላይ ገዢ በነበረው በዳልሁሲ ጊዜ ይኸው ደንብ ሳታራን በ1848፣ ናግፑርን በ1854 ዋጠ። ከ1857ቱ ታላቅ አመፅ በኋላ ግን እንግሊዞች መሳፍንቱ ከጠላት ይልቅ መከታ እንደሚሆኑ ተረዱ። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ ውሎቻቸውን እንደምታከብር አወጀች፤ ከ1860 ጀምሮም እንደራሴው ካኒንግ ለገዢዎቹ «ሳናድ» አደለ። ቃሉ እኛ «ሰነድ» የምንለው ያው ነው። ለሂንዱው ገዢ በማደጎ መተካትን ይፈቅዳል፤ ለሙስሊሙ በእስልምና ሕግ የተገባ ውርስ እንደሚታወቅ ያረጋግጣል። ጃንጂራም እንዲህ ያለ ሰነድ ነበራት።

በጎ ነገር ይመስላል፤ ለገዢው ቤተሰብም በጎ ነበር። ግን ቅድም ያልነውን አስታውሱ፤ ጃንጂራ የሰርዳሮች ማኅበር ነበረች። ሰነዱ ከመጣ በኋላ ገዢን የመምረጥና የማውረድ ሥልጣን ከሰርዳሮቹ እጅ ወጥቶ ለወራሹ ዕውቅና ወደሚሰጠው ቢሮ ሄደ። ክፉ ገዢን ማውረጃው የአገር ልማድ ሲጠፋ ለክፉ ገዢ መፍትሔው የእንግሊዝ ጣልቃ ገብነት ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ የመጣውም ይኸው ነው።

እስከ 1868 ድረስ በጃንጂራ የእንግሊዝ የፖለቲካ ወኪል አልነበረም፤ በውስጥ አስተዳደሯም እጃቸውን አላስገቡም። ግብር አትከፍልም፣ የእንግሊዝ ጦርም አታስቀምጥም ነበር። ይህን ከሐይደራባድ ጋር አነጻጽሩት፦ ኒዛም የሚባለው ታላቁ ገዢዋ እንግሊዞች ለሚያዙት ጦር የሚከፍለው ውዝፍ ተከማችቶበት በ1853 የቤራርን አገር ለአስተዳደራቸው አስረክቧል። ትንሿ ጃንጂራ ዕዳ ስላልነበረባት በዚያ በር አልተገባባትም። የተገባባት በችሎቱ በር ነው። ከ1848 ወዲህ ይገዛ የነበረው ሲዲ ኢብራሂም ካን በተለይ በወንጀል ፍርድ አያያዙ ብልሹ ሆነ ተባለ፤ በ1868 ገደማ የወንጀል ዳኝነቱ ተወስዶ ለፖለቲካ ወኪል ተሰጠ።

ለምን የወንጀል ዳኝነት ቀደመ? የመሬት ግብር ወይም የመሬት ክርክር ዳኝነት የግዛቱን ሰው ብቻ ይነካል። ወንጀል ግን ድንበር ይሻገራል። ጃንጂራ በሰሜን በኮላባ፣ በደቡብ በራትናጊሪ አውራጃ ተይዛለች፤ ሁለቱም የእንግሊዝ ናቸው፤ የሚለያቸው በታንኳ የሚሻገሩት ውሃ ነው። ሌባ በአንድ ሌሊት ሕግ ይቀይራል። ከዚህም በላይ በጅራፍና በእስር ሥልጣን ያጣን ገዢ ማን ይፈራዋል? ግምጃ ቤቱን ሳትነኩበት ጉልበቱን ወስዳችኋል። በኋላ የወኪሉ ሥራ ለኮላባ አውራጃ ገዢ፣ «ኮሌክተር» ለሚባለው፣ ተጨመረለት። ይኸም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ አንድ የአውራጃ ሹም ከጠረጴዛው ሥራ ጎን የአንድ ናዋብ የበላይ ጠባቂ ሆነ።

ሦስተኛው ቁልፍ የገዢው ዕድሜ ነው። ኢብራሂም ካን በ1879 ሲሞት በ1862 የተወለደው ልጁ አሕመድ ካን ተተካ፤ ሥልጣኑን የተረከበው ግን በ1883 ነው። በመሳፍንት ግዛቶች ሁሉ የወራሽ ልጅነት ለእንግሊዞች እንደ ዝናብ ያለ ወቅት ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የሚዘራው። የሚደረገው ቅደም ተከተል ከግዛት ግዛት ብዙ አይለይም። አንድ መኮንን አስተዳደሩን ይይዛል። መሬት ይለካል፣ ግብር በገንዘብ ይተመናል፣ ደኑ ተከልሎ ጠባቂ ይደረግበታል፣ ፍርድ ቤቶቹ በእንግሊዝ ህንድ ሕግ አምሳል ይደራጃሉ፣ የቤተ መንግሥቱ ወጪ ከመንግሥቱ ወጪ ተለይቶ በመዝገብ ይያዛል። ልጁ እንደ ራጅኮቱ ራጅኩማር ኮሌጅ ባለ የመሳፍንት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ክሪኬት ይማራል። ሥልጣኑን ሲረከብ የሚረከበው አባቱ የተወውን ግዛት አይደለም።

ከዚህ ውስጥ ለሕዝቡ የበጀ ነገር የለም ማለት አይደለም። የታወቀ ግብር ከዘፈቀደ ግብር ይሻላል። ችግሩ የሚመጣው በደኑ ነው፤ እንጨት ለቦምቤይ ገበያ ጥሩ ገቢ ስለነበረ፣ ትናንት በነፃ ማገዶ ይለቅም የነበረው የኮረብታ ገበሬ ዛሬ ተላላፊ ይሆናል።

አሕመድ ካን እስከ 1922 ገዛ። የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ፤ በሙሩድ አሕመድጋንጅ የሚባለው ቤተ መንግሥት በስሙ የሚጠራ ነው። ባለቤቱ ናዝሊ ቤገም በዘመኑ ከታወቁት የተማሩ ሙስሊም ሴቶች አንዷ ነበረች፤ በ1908 ከባሏ ጋር አውሮፓን ጎብኝታ የጉዞ ማስታወሻዋን በኡርዱ አሳትማለች። ልጅ ስላልነበራቸው ግን ትዳሩ ፈረሰ፤ ወራሹ ሙሐመድ ካን ከሌላ ሚስት፣ ከኩልሱም ቤገም፣ በ1914 ተወለደ። አባቱ ሲሞት የ8 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ በእንደራሴነት እስከ 1933 አስተዳደረች። ስሌቱን እንሥራ፦ ከ1879 እስከ 1948 ባሉት 69 ዓመታት ውስጥ 15ቱ የሞግዚት ዓመታት ናቸው። በየአምስት ዓመቱ ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው።

አራተኛው ቁልፍ ክብር ነው፤ ይኸኛው በጣም ርካሽ ነበር። የገዢ ደረጃ በመድፍ ሰላምታ ይቆጠራል። ለሐይደራባድ፣ ለማይሶር፣ ለባሮዳ፣ ለግዋሊዮርና ለካሽሚር 21 መድፍ ይተኮሳል፤ ለጃንጂራ 11፣ ለሳቺን 9፤ ለአብዛኞቹ ምንም። ቁጥሩ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው በሁለት በሁለት ነው የሚሄደው። የአጎራባቹ 13 ሆኖ የራሱ 11 የቀረበት ገዢ ሁለት ባዶ ተኩስ ለማግኘት ዕድሜ ልኩን ታማኝነቱን ሲያሳይ ይኖራል። እንግሊዝን የሚያስወጣት ግን ባሩድ ብቻ ነው። በ1921 የመሳፍንት ምክር ቤት ሲቋቋም 108 ገዢዎች በራሳቸው መብት ገቡ፤ ሌሎች 127 ትንንሽ ግዛቶች በተወካይ፤ የቀሩት 327 ርስቶች ከነጭራሹ ውጭ ቀሩ። ምክር ቤቱ ይመክራል እንጂ አይወስንም።

እነዚህ ሁሉ ቁልፎች ተሰብስበው አንድ ስም ነበራቸው፤ «የበላይነት»። መሳፍንቱ በ1920ዎቹ ይህ የበላይነት እስከምን ድረስ ነው ብለው ጠየቁ። ውላችን ከዘውዱ ጋር ነው፣ በውሉ ያልተጻፈው የእኛ ነው ይሉ ነበር። በ1926 እንደራሴው ሪዲንግ ለሐይደራባዱ ኒዛም በጻፈው ደብዳቤ የዘውዱ የበላይነት በውል ላይ ብቻ የተመሠረተ እንዳልሆነ ቁርጡን ነገረው። በ1929 ጉዳዩን የመረመረው የበትለር ኮሚቴም ለበላይነት ወሰን አላበጅም አለ። እንግዲህ ያ «ናዋብ ማለት የማን ወኪል ነው?» ያልነው ጥያቄ እዚህ ላይ መልሱን አገኘ። በ1933 ጃንጂራ ከቦምቤይ ሹሞች እጅ ወጥታ የዴካን ግዛቶች ኤጀንሲ በተባለው ቢሮ አማካይነት ለዴልሂ ተጠሪ ሆነች፤ ለገዢዎቹ ደረጃ ከፍ ማለት ነበር፤ ለሥልጣኑ ለውጥ አልነበረም።

በመጨረሻ የበላዩ ራሱ ሄደ። እንግሊዞች በ1946 የበላይነቱን ለማንም አናስተላልፍም፣ ስንወጣ ይጠፋል ብለው አስታወቁ። በሕግ ፊት ጃንጂራ ነሐሴ 15 ቀን 1947 ነፃ አገር ለመሆን ትችል ነበር። በተግባርስ? የራሷ ገንዘብ ከቀረ 113 ዓመት ሆኗታል፣ ጦር የላትም፣ ዙሪያዋን የቦምቤይ ክፍለ ሀገር ነው፣ አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ፣ ገዢዋ ሙስሊም ነው። ሙስሊም ገዢና ሂንዱ ሕዝብ የነበራት ጁናጋድ በመስከረም 1947 ከፓኪስታን ጋር እቀላቀላለሁ ብላ ምን እንደደረሰባት ሁሉም አይቷል፤ በኅዳር የህንድ ጦር ገባ፣ በየካቲት 1948 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ጁናጋድ ደግሞ ከጃፋራባድ ሩቅ አይደለችም።

የመቀላቀሉ ሥራ ሁለት ወረቀቶች ነበሩት፤ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ እንለያቸው። የመጀመሪያው የመግቢያ ሰነድ ነው። ገዢው መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና መገናኛን ብቻ ለህንድ ይሰጣል፤ የቀረው የራሱ ነው። ይህን በ1947 ሁሉም ማለት ይቻላል ፈረሙ፤ እንግሊዞች ከወሰዱባቸው የሚበልጥ አልነበረምና። ሁለተኛው የውህደት ስምምነት ነው፤ በዚህኛው ገዢው አስተዳደሩን በሙሉ ያስረክባል። የመሳፍንት ግዛቶችን ጉዳይ የያዘው የህንድ ሚኒስትር ሰርዳር ፓቴልና ጸሐፊው ቪ. ፒ. ሜኖን ይዘውት የዞሩት ይኸኛውን ነበር። በምላሹ ገዢው ማዕረጉን፣ የግል ንብረቱንና በየዓመቱ ከቀረጥ ነፃ የሆነ አበል ያገኛል፤ በእኛ አነጋገር ድርጎ ማለት ነው። በምሥራቅ ህንድ ግዛቶች በተጀመረው ቀመር ድርጎው ከመጀመሪያው 100,000 ሩፒ ዓመታዊ ገቢ 15 በመቶ፣ ከቀጣዩ 400,000 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 7.5 በመቶ ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ሩፒ አይበልጥም። ገቢው አንድ ሚሊዮን የሆነ ግዛት 15,000፣ 40,000 እና 37,500 ተደምሮ 92,500 ሩፒ ይደርሰዋል። ቀመሩ ትንሹን ግዛት በመቶኛ የበለጠ ይጠቅማል፤ ትንንሾቹ ቶሎ የፈረሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጠብ የሚነሣው በድርጎው ላይ ሳይሆን በግል ንብረት ዝርዝሩ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የገዢው ነው ወይስ የግዛቱ? ደኑስ? ጌጣ ጌጡስ? የቤት ወጪና የመንግሥት ወጪ ተለይቶ ሲመዘገብ የኖረበት ግዛት በቀላሉ ተገላገለ፤ ያልለየው ለዓመታት ተከራከረ።

ጃንጂራ ከዴካን ግዛቶች ጋር መጋቢት 8 ቀን 1948 ወደ ቦምቤይ ተቀላቀለች። ሳቺንም በዚያው ዓመት ሄደች። የመሳፍንቱ ማዕረግና ድርጎ በ1971፣ በህንድ ሕገ መንግሥት 26ኛ ማሻሻያ ተሻረ። የመጨረሻው ናዋብ ሙሐመድ ካን በ1972 ሞተ። አሕመድጋንጅ በግል ንብረትነቱ ለቤተሰቡ ቀርቷል፤ በደሴቲቱ ላይ ያለው ምሽግ ደግሞ በህንድ መንግሥት የቅርስ ጥበቃ ሥር ነው፤ ከራጃፑሪ በሸራ ጀልባ ይደረሳል፤ በክረምት ግን እንደ ሺቫጂ ዘመን መሻገሪያው ይዘጋል።